«የእግዚአብሔር ጸጋ ተገልጦአልና»፦ አስተርእዮና ጸጋ በአንድ ትምህርት እንዴት ይገናኙ?

ዘዮርዳኖስ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ ቤት። በቅርቡ ለተጠመቁ ጎልማሶች የሚሰጥ የ60 ደቂቃ ትምህርት አለ። ርዕሱ «አስተርእዮና ጸጋ»፣ ንባቡ ማቴዎስ 3፥13-17 እና ቲቶ 2፥11-14 ነው። ይህ ርዕስ የት ላይ እንደሚሰበር የታወቀ ነው። ግማሹ ሰዓት ዮርዳኖስ ላይ የሆነውን በመተረክ ያልፋል፣ ግማሹ «እንግዲህ እኛም እንደ ጸጋው እንኑር» በሚል ምክር ይዘጋል፣ በመካከል ድልድይ የለም። ሰሚው ታሪክና ተግሣጽ ይዞ ይወጣል፤ ጸጋ የሚለው ቃል ግን እንደታሸገ ይቀራል።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ቲቶ ላይ ያለው «ተገልጦአልና» ከጥምቀት በዓል ስም (አስተርእዮ፣ ኤጲፋንያ) ጋር የገጠመው በአጋጣሚ ነው ወይስ ቃሉ አንድ ነው? ጸጋ ነጻ ስጦታ ከሆነስ ለምን «ያስተምረናል» ተባለ፣ ስጦታ ያስተምራል እንዴ? ሦስተኛው ይከብዳል፤ «ተጠምቄአለሁ፣ ጸጋ ተቀብለሃል ተብያለሁ፣ የትናንቱ ቁጣዬ ግን ዛሬም አለ» ለሚል ሰው ምን ይመለስለታል?

ቀለም_ቀንድ

የመጀመሪያውን ልውሰድ። ቃሉ አንድ ነው። ኤጲፋንያ የምንለው ስም ከግሪኩ ኤፒፋኔያ የመጣ ነው፤ መገለጥ፣ መታየት፣ ተሰውሮ የነበረው ብቅ ማለቱ። ስሙ በአዲስ ኪዳን 6 ጊዜ ብቻ ይገኛል፦ 2ኛ ተሰሎንቄ 2፥8፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥14፣ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10፣ 4፥1፣ 4፥8፣ እና ቲቶ 2፥13። ከስድስቱ ስለ መጀመሪያው መምጣት የሚናገረው 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥10 ብቻ ነው፤ የቀሩት አምስቱ ገና ስለሚጠበቀው መገለጥ ናቸው። ግሱ 4 ጊዜ አለ፦ ሉቃስ 1፥79፣ የሐዋርያት ሥራ 27፥20፣ ቲቶ 2፥11 እና 3፥4።

የሐዋርያት ሥራውን ሰዎች ሳያዩት ያልፋሉ፤ ለማስተማር ግን ከሁሉ የሚመቸው እሱ ነው። ጳውሎስ የተሳፈረበት መርከብ በማዕበል ተይዞ ፀሐይም ከዋክብትም ለብዙ ቀን አልታዩም፣ የመዳን ተስፋም ተቆረጠ ይላል። «አልታዩም» የሚለው ያው ግስ ነው። በዚያ ዘመን መርከበኛ አቅጣጫውን የሚያውቀው በፀሐይና በከዋክብት ነበር። እነሱ ካልታዩ ጉልበት አለ፣ ሸራ አለ፣ ወዴት መሄድ እንደሚገባ ግን አይታወቅም። እንግዲህ ቲቶ 2፥11ን በዚህ ዓይን አንብበው፤ ሰው ሲደክም የነበረው አቅጣጫ ሳያይ ነው፣ ጸጋው ታየ። ሌላም ነገር አለ፦ ያ ማዕበል የተነሣው መርከቡ የቀርጤስን ጥግ ይዞ ሲሄድ ነው፤ ቲቶም ይህ መልእክት የተጻፈለት በቀርጤስ ሳለ ነው (ቲቶ 1፥5)።

ድልድዩን ግን ከቲቶ 2 ብቻ አትፈልገው። ወደ 3፥4-7 ውረድ። «ቸርነቱና ሰውን መውደዱ በተገለጠ ጊዜ» ብሎ ይጀምራል፣ «ለአዲስ ልደት በሚሆነው መታጠብ» ይላል፣ መንፈስ ቅዱስን ማፍሰሱን ይናገራል፣ «በጸጋው ጸድቀን» ብሎ ይዘጋል። መገለጥ፣ ውኃ፣ መንፈስ፣ ጸጋ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ናቸው። ዮርዳኖስ ላይ ያየኸው ሁሉ እዚህ ወደ አማኙ ሕይወት ተሻግሯል። የቢዛንታይን ሥርዓት አብያተ ክርስቲያናት በበዓሉ ቅዳሴ ቲቶ 2፥11-14ን ከ3፥4-7 ጋር አያይዘው የሚያነቡት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ንባብህ ላይ እነዚያን አራት ቁጥሮች ካልጨመርህ ድልድይ የለም ብለህ ያማረርኸው ትክክል ነው፤ ቆርጠህ የጣልኸው ራስህ ነህ።

የማታ_ንባብ

መምህር፣ «አስተርእዮ» ራሱስ? ብዙ ሰው ትርጉሙን ሳያውቅ ነው የሚጠራው።

ቀለም_ቀንድ

ሥሩ «ርእየ» ነው፣ አየ። «አስተርአየ» ሲሆን ታየ፣ ራሱን አሳየ ማለት ይሆናል። ግሪኩ ብርሃን ሲበራ ከሚለው በኩል ይመጣል፣ ግዕዙ ከዓይን በኩል ይመጣል፤ መገናኛቸው አንድ ነው። ለተማሪዎች አንድ ነገር ብቻ አስረዳቸው፦ አስተርእዮ ማለት እኛ ፈልገን አገኘነው ማለት አይደለም። የሚታየው እሱ ራሱን ስላሳየ ነው።

ሰሌዳ

በዓሉ ምን እንደሚያከብር ልጨምር፤ ይህን ያልለየ አስተማሪ ከሰሚው ጋር ሳይግባባ ይቀራልና። በምዕራቡ ዓለም ጃንዋሪ 6 በዋናነት የሰብአ ሰገል መምጣት ነው። በምሥራቁ የጌታ ጥምቀት ነው። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ልደትንና ጥምቀትን ዛሬም በአንድ ቀን፣ በጃንዋሪ 6፣ ታከብራለች። የጥንቱ የምዕራብ ጸሎት ደግሞ ሦስት ነገር በአንድ ቀን ያስባል፦ ኮከቡ ሰብአ ሰገልን መራ፣ ውኃው በቃና ወይን ሆነ፣ ክርስቶስ በዮርዳኖስ ተጠመቀ። ጥር 11 እና ጃንዋሪ 19 የሚገጥሙት በዩልዮስና በጎርጎርዮስ አቆጣጠር መካከል ባለው የ13 ቀን ልዩነት ነው። በቀን የተለየ በዓል አይደለም፣ በመቁጠሪያ የተለየ ነው።

ስለ ጥንትነቱ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፦ በ200 ዓ.ም. አካባቢ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስ የባሲሊደስ ተከታዮች የጌታን የጥምቀት ቀን ዋዜማውን በንባብ እያደሩ እንደሚያከብሩ ጽፏል። እነዚህ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የሆኑ ግኖስቲኮች ናቸው፤ ስለዚህ «በዓሉን የጀመሩት መናፍቃን ናቸው» የሚል ክርክር አልፎ አልፎ ይነሣል። ቀሌምንጦስ የሚነግረን እነሱ ማክበራቸውን እንጂ ሌላው አለማክበሩን አይደለም። በ361 ዓ.ም. ግን በዓሉ በጎል ምድር (በዛሬዋ ፈረንሳይ) የታወቀ ነበር። ንጉሡ ዩልያኖስ ልቡ ወደ አረማዊነት ከሄደ በኋላም ለማስመሰል በኤጲፋንያ ቀን ቤተ ክርስቲያን መግባቱን የታሪክ ጸሐፊው አሚያኖስ ማርኬሊኖስ መዝግቦታል።

ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያ ሳለ ጥያቄውን ፊት ለፊት አንሥቶታል፦ ለምን የተወለደበት ሳይሆን የተጠመቀበት ቀን ኤጲፋንያ ተባለ? መልሱ አጭር ነው። ሲወለድ ለብዙዎች አልታወቀም፣ ሲጠመቅ ታወቀ። ዮሐንስ 1፥31ም «ለእስራኤል ይገለጥ ዘንድ» ይላል፤ የመጥምቁ ሥራ በአንድ ሐረግ ያለቀው እዚያ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሰብአ ሰገል ሦስት ናቸው የሚል በማቴዎስ የለም። ሦስት የሆነው ስጦታው ነው፤ ወርቅ፣ ዕጣን፣ ከርቤ። የገቡትም ወደ ቤት ነው (2፥11)።

ጋን_በጠጠር

ዮርዳኖስ ላይ የሆነውን ማርቆስ ከማቴዎስ የበለጠ ያጠብቀዋል። ማቴዎስ ሰማያት «ተከፈቱ» ሲል ማርቆስ 1፥10 ሰማያት «ሲቀደዱ» አየ ይላል። ይህ ግስ በማርቆስ ወንጌል ስለ መቀደድ የተነገረው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው 15፥38 ሲሆን የቤተ መቅደሱ መጋረጃ ከላይ እስከ ታች የተቀደደበት ነው። በመጀመሪያው ቅዳጅ «የምወድህ ልጄ አንተ ነህ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ በሁለተኛው ወዲያው የመቶ አለቃው «ይህ ሰው በእውነት የእግዚአብሔር ልጅ ነበረ» ይላል። በር ቢከፈት ይዘጋል። የተቀደደ ነገር ግን መልሶ አይገጥምም። ኢሳይያስ 64፥1 «ሰማዮችን ቀድደህ ምነው ብትወርድ» ብሎ የለመነው ነው የተፈጸመው።

እዚህ ላይ ጸጋው የት አለ? ማቴዎስ 3፥14 ላይ አለ። ዮሐንስ ይከለክለዋል፦ «እኔ በአንተ ልጠመቅ ያስፈልገኛል»። ክርክሩ ትክክል ነው፣ ሥርዓቱም እሱ ያለው ነው፤ የሚነጻው ርኩሱ እንጂ ንጹሑ አይደለም። ጌታ ግን «አሁንስ ፍቀድልኝ» ብሎ ከኃጢአተኞች ሰልፍ ውስጥ ገባ። ጸጋን ለመተርጐም ከዚህ የተሻለ ሥዕል አላገኘሁም። ኃጢአት የሌለበት በኃጢአተኛ ተራ ቆመ፣ ሰማዩ የተቀደደውም ከዚያ ሰልፍ በላይ ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ ከዚህ ተነሥቶ «ጌታ አንድ ተአምር ሳይሠራ አባቱ በአንተ ደስ ይለኛል አለው፣ አንተንም እንዲሁ ሳትሠራ ይወድሃል» ይላል። ለትምህርቱ ጥሩ መዝጊያ ነው።

ቀለም_ቀንድ

ወንድሜ፣ እስከ መጨረሻው አንቀጽ ድረስ አብሬህ ነበርሁ። እሱን አትጠቀምበት፤ በሁለት ቦታ ይሰበራል።

መጀመሪያ፣ ምንም ሳይሠራ አይደለም። ሉቃስ 3፥23 ሠላሳ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር ይላል፣ 2፥51 ደግሞ ለወላጆቹ ይታዘዝላቸው እንደነበር ይናገራል። ሠላሳ ዓመት ያልተጻፈ መታዘዝ ሥራ አይደለም ካልን፣ ሥራ የሚባለው የሚታይ ተአምር ብቻ ነው ብለን ማስተማራችን ነው፤ ለአዲስ አማኝ ይህ መርዝ ነው።

ሁለተኛው ይብሳል። እሱ የባሕርይ ልጅ ነው፣ እኛ የጸጋ ልጆች ነን። ድምፁ ልጅ አላደረገውም፣ ልጅ መሆኑን ገለጠ እንጂ። «ጸጋ ተቀብሎ ልጅ ሆነ» ወደሚል ከተንሸራተትህ መናፍቃንን ከኋላ በር አስገባሃቸው። ትክክለኛው መንገድ ገላትያ 4፥4-6 ነው፤ ልጁን የላከው እኛ ልጅነትን እንድናገኝ ነው፣ ልጆች ስለሆንንም የልጁን መንፈስ በልባችን ላከ። ስለዚህ «እግዚአብሔር እንደ እሱ ይወድሃል» አትበል፣ «በእሱ ውስጥ ይወድሃል» በል። ልዩነቱ አንዲት ፊደል ቢመስልም ትምህርቱ የሚቆመው በእሷ ላይ ነው።

ጋን_በጠጠር

ተቀብያለሁ መምህር። «በእሱ ውስጥ» ትሁን። ሠላሳ ዓመቱን ግን ዘዮርዳኖስ ይጠቀምበት፤ ከእኔ መዝጊያ ይሻላል።

የማታ_ንባብ

ስለ «ጸጋ» አማርኛችን የሚያመጣውን ጣጣ ማንም አላነሣም። ባለጸጋ ማለት ሀብታም ነው። «የተፈጥሮ ጸጋ» ማለት ሀብት ነው። «እሷ የመዘመር ጸጋ አላት» ማለት ችሎታ ነው። ታዲያ «ጸጋ ተቀብለሃል» ሲባል አዲሱ አማኝ በጓዳው የተቀመጠ ነገር ይፈልጋል፤ ካጣ «እኔ ጸጋ የለኝም» ይላል።

መጽሐፍ ቅዱሳችን ራሱ ካሪስ የሚለውን የግሪክ ቃል እንደ ቦታው ይለዋውጠዋል። ሉቃስ 1፥30 «ጸጋ አግኝተሻል»፣ 2፥52 «በሞገስ» ያድግ ነበር፣ 6፥32 «ምን ምስጋና አላችሁ»፤ ሦስቱም በግሪኩ አንድ ቃል ናቸው። ኖኅም በዘፍጥረት 6፥8 «ሞገስን አገኘ» ይባላል፣ አነጋገሩ ለማርያም የተነገረው ዓይነት ነው። ሞገስ ማለት የሌላው ፊት ወዳንተ መመለሱ ነው። በእጅ የሚያዝ አይደለም፣ ወዳንተ የዞረ ፊት ነው። በትምህርቱ መጀመሪያ ላይ «ጸጋ = ሞገስ» ብሎ መጻፍ ብቻ ግማሹን ግራ መጋባት ያነሣል። የመዘመርና የማስተማር ስጦታ ካሪስማ ነው፣ ከዚያው ሥር የወጣ ሌላ ቃል፤ 1ኛ ጴጥሮስ 4፥10 ሁለቱን በአንድ ቁጥር ለይቶ ያስቀምጣቸዋል።

አንድ የሚገርም ነገር፦ ካሪስ በማቴዎስና በማርቆስ አንድም ጊዜ የለም። በሉቃስ 8 ጊዜ፣ በዮሐንስ 4 ጊዜ አለ፣ አራቱም በመግቢያው (1፥14፣ 1፥16 ሁለት ጊዜ፣ 1፥17)። የጥምቀቱን ንባብ ከማቴዎስ ለሚያስተምር ሰው ይህ ማስጠንቀቂያ ነው። ቃሉን በንባቡ ውስጥ አታገኘውም፣ ነገሩን ማሳየት አለብህ።

ሚዛን

ሁለተኛው ጥያቄ ስላልተመለሰ ልግባበት። ጸጋ እንዴት ያስተምራል? ቲቶ 2፥12 ላይ ያለው ግስ ፓይዴዎ ነው፤ ልጅን ማሳደግ ማለት ነው፣ በሰሌዳ ፊት ማስተማር ብቻ አይደለም። ዕብራውያን 12፥6 «ጌታ የሚወደውን ይቀጣዋል» ሲል ይኸው ግስ ነው። ሉቃስ 23፥16 ላይ ጲላጦስ «ቀጥቼ እፈታዋለሁ» ያለውም በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ ጸጋ ምሕረት ሰጥቶ የሚሄድ እንግዳ አይደለም፣ ልጅ ተቀብሎ የሚያሳድግ ወላጅ ነው። ወላጅ ልጁን ቤት ያስገባው ስለተማረ አይደለም፤ ካስገባው በኋላ ግን ሳያስተምር አይተወውም።

ቅደም ተከተሉን ያዘበራረቀ ሁሉ ወድቋል። ኤፌሶን 2፥8-10ን ብዙ ጊዜ ቁጥር 9 ላይ እናቆመዋለን፤ «ከሥራ አይደለም» ብለን እናጨበጭባለን። ቁጥር 10 «መልካሙን ሥራ ለማድረግ በክርስቶስ ኢየሱስ ተፈጠርን» ይላል። «ከሥራ» እና «ለሥራ»። መነሻና መድረሻ ናቸው፣ ተቃዋሚዎች አይደሉም። «ይህም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው» ሲል ደግሞ «ይህም» በግሪኩ ግዑዝ ጾታ ነው፤ ጸጋም እምነትም አንስታይ ናቸው። ስለዚህ የሚያመለክተው አንዱን ነጥሎ ሳይሆን ነገሩን በሙሉ ነው። መዳናችን በሞላው ስጦታ ነው።

ጋን_በጠጠር

በዚህ ላይ ከሚዛን ጋር የምለያይ መስሎኝ ነበር። አንድ ነገር ልጠብቅ ብቻ። «ነገሩ በሞላው ስጦታ ነው» ሲባል ሰው እንጨት ነው ማለት አይደለም። ፊልጵስዩስ 2፥12-13 «መዳናችሁን ፈጽሙ» ካለ በኋላ «መፈለግንም ማድረግንም የሚሠራ እግዚአብሔር ነውና» ይላል። «ነውና» ነው እንጂ «ነገር ግን» አይደለም። 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥10 ላይም ጳውሎስ ከሁሉ ይልቅ ደከምሁ ይልና «ከእኔ ጋር ያለው የእግዚአብሔር ጸጋ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ይላል። ድካሙ የሱ ነው፣ ሳይክደው ለጸጋው ያስረክበዋል።

ሚዛን

አልተለያየንም። የምፈራው ሰው መድከሙን ክፍያ እንዳያደርገው ነው።

ጋን_በጠጠር

የምፈራው ደግሞ አለመድከሙን እምነት እንዳያደርገው ነው።

ሰሌዳ

ሁለታችሁም የፈራችሁት ተፈርቶ ተወስኖበታል። በ418 ዓ.ም. በቅርጣግና የተሰበሰበው ጉባኤ ሰው በራሱ ኃይል መልካም መኖር ይችላል ያለውን ፔላጊዮስን ሲቃወም ሁለት አነጋገር አውግዟል። አንዱ «ጸጋ ላለፈው ኃጢአት ስርየት ብቻ ነው፣ ወደ ፊት እንዳንበድል አይረዳም» የሚለው ነው። ሌላው «ጸጋ ያለ እሱም ልንፈጽም የምንችለውን ያቀልልናል እንጂ አስፈላጊ አይደለም» የሚለው። የፔላጊዮስ ባልደረባ ኬሌስጢዮስና ተከታዮቹ በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን ጉባኤም ተወግዘዋል፤ ኤፌሶንን ደግሞ የምሥራቁም የምዕራቡም ይቀበሉታል። በ529 ዓ.ም. የኦራንጅ ጉባኤ የእምነት ጅማሬው ራሱ ከጸጋ መሆኑን ወሰነ፤ በዚያው ላይ ሰው ለክፋት አስቀድሞ ተወስኗል የሚለውን አወገዘ።

ለዘዮርዳኖስ ሦስተኛ ጥያቄ የሚጠቅመው የመጀመሪያው ውግዘት ነው። «ተጠምቄአለሁ ግን ቁጣዬ አለ» የሚለው ሰው ሳያውቀው ጸጋን የትናንት ዕዳ ማጥፊያ ብቻ አድርጎ ተምሯል። ዕዳው ከጠፋ በኋላ ለሚመጣው ቁጣ ብቻውን የቀረ ይመስለዋል።

ስለ ጽድቅ ካቶሊኮችና ሉተራውያን ከ1547ቱ የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ ውሳኔ ጀምሮ ሲወጋገዙ ኖረው በኦክቶበር 31 ቀን 1999 በአውግስበርግ የጋራ መግለጫ ፈርመዋል፣ ሜቶዲስቶች በ2006 ተቀላቅለዋል። ልዩነት ሁሉ አልቋል ማለት አይደለም። ግን «እነዚያ በሥራ፣ እነዚህ በጸጋ» እያለ የሚያስተምር ሰው ሁለቱንም ወገን አያውቅም።

አወያይ

ክሩ ወደ ጉባኤያት ታሪክ እንዳይሄድ አደራ። የአብያተ ክርስቲያናት ንጽጽር የራሱ ክፍል አለው። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ በተግባር የሚመልስ ካለ ይቀጥል።

ቀለም_ቀንድ

ለባለ ቁጣው ሰው ከቲቶ 2፥12 የሚወጣ አሠራር አለ። ቁጥሩ አንድ መካድና ሦስት አኗኗር አለው። የሚካደው ኃጢአተኝነትና ዓለማዊ ምኞት ነው። የሚኖረው ራስን በመግዛት (ከራስ ጋር)፣ በጽድቅ (ከሰው ጋር)፣ እግዚአብሔርን በመምሰል (ከፈጣሪ ጋር) ነው። ሰውዬው ቁጣዬ አለ ሲል፣ ቁጣው ከሦስቱ የትኛውን እንደሚነካ ጠይቀው። አብዛኛውን ጊዜ «ራሴን መግዛት አቃተኝ» ይልሃል። ትንሽ ቆይተህ ስትጠይቅ ግን ለአንድ ሰው ዕዳ አለበት፣ ያልጠየቀው ይቅርታ አለ፤ ነገሩ ያለው ጽድቅ ላይ ነው። በተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ነው የከረመው።

ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ይምረጥ፣ ለአንድ ሳምንት። «አልቆጣም» የሚል ውሳኔ አይሠራም፤ ቁጣ ከመጣ በኋላ የሚታወስ ውሳኔ ነውና። የሚሠራው ከቁጣ በፊት ያለውን ቦታ መያዝ ነው፦ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ቃል ሲሰማ። ጧት ያንን ቦታ በስሙ ጠርቶ «ጸጋህ ይቅደመኝ» ብሎ ይጸልይ፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ማታ ሦስት ነገር ይይ፦ ዛሬ ጸጋው የት ቀደመኝ፣ የት ቀድሜው ሄድሁ፣ ነገ ማንን ይቅርታ ልጠይቅ። ጥያቄዎቹ በዚህ ቅደም ተከተል ይሁኑ። በውድቀቱ የጀመረ ሰው ጸጋውን ሳያይ ይተኛል።

የሚበላሽበትን ልንገርህ። ሦስቱን አኗኗር አንድ ላይ የሚጀምር በአራተኛው ቀን ይተዋል። ስሜቱን የሚለካ ይሳሳታል፤ ቁጣው መምጣቱ ሳይሆን ከመጣ በኋላ ያደረገው ነው የሚታየው። ደግሞ ሌላ ዓይነት ሰው አለ፣ ማታ ራሱን ሲመረምር ሰዓታት የሚፈጅ፣ የተናዘዘውን መልሶ የሚናዘዝ። ለእሱ ምርመራው በ10 ደቂቃ ይገደብ፣ ያልታወሰው ይተው፣ ነገሩን ለንስሐ አባቱ ወይም ለመጋቢው ይንገር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው «ይበልጥ ራስህን መርምር» ማለት በእሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው።

ሚዛን

ከቁጥር 13 «እየጠበቅን» የሚለው እንዳይረሳ። የለውጡ ጊዜ በሁለቱ መገለጦች መካከል ያለው ዘመን በሙሉ ነው፣ አንድ ሳምንት አይደለም። መምህር የቆጠሩልን አምስቱ የወደፊት ኤፒፋኔያዎች ለዚህ ሰው ተስፋ ናቸው፤ ያልተጨረሰ ሥራ መሆኑን ጳውሎስ ራሱ ያውቃል። እሾሁ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» ነው (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥8-9)። እሾሁ አልተነቀለም። ይህ ግን «ተቀመጥ» ማለት አይደለም፤ ለኃጢአት ይህን ጥቅስ የሚጠቅስ ሰው ጥቅሱን ሰርቆታል። ጳውሎስ እሾህ ያለው ድካምን ነው። ለኃጢአት የተጻፈው ሮሜ 6፥1-2 ነው።

የማታ_ንባብ

ቃናን ማንም አላነሣም፣ ሰሌዳ ጠቅሶት አለፈ። ዮሐንስ 2፥6 ስድስት የድንጋይ ጋኖች፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ወይም ሦስት እንስራ ይላል። በግሪኩ መለኪያው ሜትሬቴስ ነው፣ አንዱ 39 ሊትር ገደማ። ስድስት ጋን ሲሆን ከ12 እስከ 18 ሜትሬቴስ፣ ማለትም ከ470 እስከ 700 ሊትር አካባቢ። ያውም ሠርገኛው መጠጣት ከጀመረ በኋላ! ለመታጠቢያ የተቀመጠው የማንጻት ውኃ ነው ወይን የሆነው። «ክብሩን ገለጠ» (2፥11) የተባለው እዚህ ነው። በመግቢያው «በጸጋ ላይ ጸጋ» ያለው ወንጌላዊ በሁለተኛው ምዕራፍ ስንት ሊትር እንደሆነ ነገረን ብዬ ነው የማነበው። ሌላው ቢቀር፣ ጋኖቹን እስከ አፋቸው የሞሉት አገልጋዮች ናቸው። ጋን_በጠጠርና ሚዛን የተነጋገሩበት ክርክር በሙሉ በዚያ ቁጥር ውስጥ አለ፤ ውኃ መሙላት የነሱ፣ ወይን ማድረግ የሱ።

ዘዮርዳኖስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። 60 ደቂቃውን እንዲህ ልከፋፍለው፦ 5 ደቂቃ የሐዋርያት ሥራ 27፥20፣ ፀሐይ የጠፋባቸው ሰዎች። 5 ደቂቃ ጸጋ እንደ ሞገስ። 15 ደቂቃ ማቴዎስ 3 ከማርቆስ «ሲቀደዱ» ጋር፣ ሰልፉ ላይ ቆሜ። 15 ደቂቃ ቲቶ 2፥11-14 እና 3፥4-7፣ ድልድዩ። 10 ደቂቃ ለባለ ቁጣው። 10 ደቂቃ ጥያቄ። ቃና አልገባም፣ ጊዜ የለም።

ቀለም_ቀንድ

ባለ ቁጣው 40ኛው ደቂቃ ላይ ቢመጣ ማንም አይሰማውም፤ ያን ጊዜ ሰዓት እያዩ ነው። ጥያቄውን መጀመሪያ ላይ አንሣው፣ መልሱን አቆየው። ቲቶ ላይ 15 ደቂቃም አይበቃህም። የጥያቄውን 10 ደቂቃ ወደ 5 አውርድ፣ ለቲቶ 20 ስጠው።

የማታ_ንባብ

ቃናንም አታስወጣው እንጂ። ሰሌዳው ላይ ጋኖቹን ሥለህ ዝም በል፣ ሊትሩን ከታች ጻፍ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፣ ለጥያቄው ጊዜ ራሳቸው ያነሡታል።

ዘዮርዳኖስ

ይሁን፣ ባለ ቁጣውን አስቀደምሁት። ጋኖቹን እሥላለሁ፤ ስንት ነበሩ ያልሽው፣ አምስት?

የማታ_ንባብ

ስድስት። ደግሞ የድንጋይ ናቸው፣ የሸክላ አድርገህ እንዳትሥላቸው። ሸክላ ከረከሰ ይሰበር ነበር (ዘሌዋውያን 11፥33)፤ ለማንጻት የድንጋይ የመረጡት ለዚያ ነው።